የህንዶች እሺታ

እንጦጦ ማርያምን ተሳልመን ቁልቁለቱን ስንወርድ ሴቶቹ ቀድመውኝ ይሄዱና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ይጠብቁኛል። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ ወደ ኋላ እቀራለሁ። ስደርስ አንዷ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «እሺ፣ ያችኛዋን ጨረስናት፤ አሁን ምን እንይ?» ትለኛለች። መንገደኛ ቢሰማን ስለ ጸበል የምንማከር ይመስለዋል። እኛ የምናወራው ስለ ህንድ ተከታታይ ፊልም ነው። በሰፈራችን የፍቅርና የሰርግ ፊልም መራጭ እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። ብዙ ስላየሁና መጥፎውን መጥፎ ለማለት ስለማልፈራ ነው።

ፊልም ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ፍርዱን ነው። ልብሱማ ሁሉም ጋ ያምራል። ወርቁም ሁሉም ጋ አለ። ክፉዋ አማት ምራቷን ስታሰቃይ ከርማ በመጨረሻው ቀን አንድ እንባ አፍስሳ ይቅር የምትባልበትን ፊልም ለማንም አልመርጥም። አጥፍታለች፤ ቁማ ትጠየቅ። ሴቶቹ ይሄን ስለሚያውቁ «ፍርድ አለበት?» ብለው ይጠይቁኛል። «አለበት» ካልኩ ያያሉ።

ድሮ የማየው በቴሌቪዥን፣ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ የሚመጣውን ነበር። እሱ ማለቂያ የለውም። አንዲት ጥፊ ተሰንዝራ ፊት ላይ እስክታርፍ ሳምንት ይፈጃል፤ መብረቅ ይጮኻል፤ የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ፊት በየተራ ይታያል። አሁን በኢንተርኔት የማያቸው ሌላ ናቸው። ይጀመራሉ፤ ያልቃሉ። አንዱ ክፍል ሲያበቃ ቀጣዩ ሳልነካው ራሱ ይጀምራል። ድስት እሳት ላይ ጥጄ እንደሆነ ትዝ የሚለኝ ሽታው ሲመጣ ነው።

ኢንተርኔቱ የገባው በልጅ ልጄ ምክንያት ነው። እናትና አባቷን በሕፃንነቷ ስላጣች ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ «እማዬ» ነው የምትለኝ። ሲግናል አካባቢ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ቤታችን ከኮተቤ መንገድ ወደ ተራራው ገባ ብሎ ነው፤ ክረምት ሲሆን ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይወርዳል፤ ሰው ከቤት አይወጣም። «ብቻሽን ከምትቀመጪ» ብላ መስመሩን አስገባችልኝ። ሊዘረጋ የመጣው ልጅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የገባ፣ ግድግዳዬን ሲበሳ ከሥር ጋዜጣ ያነጠፈ ልጅ ነበር። ይሄን ያዝኩለት።

ማታ ማታ አብረን እናያለን። ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ እሷ ታነብልኛለች። ሰውየው በዝናብ ውስጥ ቆሞ፣ እጁን ልቡ ላይ አድርጎ ብዙ ይናገራል።

«ምን አላት?»

«እወድሻለሁ አላት።»

«ይሄን ሁሉ አውርቶ?»

«ዋናው እሱ ነው እማዬ፤ ሌላው ጌጥ ነው።»

ቀን ቀን ደግሞ ከጎረቤቴ ጋር ነው የማየው። አጥራችን አንድ ነው፤ በሩ ላይ ትንሽ ሱቅ አላት። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ሙስሊም ናት። ሰላቷን ሰግዳ፣ ሱቁን ለልጇ ትታ ትመጣለች። ልጅነቷን በህንድ ፊልም ነው የጨረሰችው፤ ትርጉሙን የማታውቀውን ዘፈን ከራሱ እስከ ግርጌው ትዘፍነዋለች። የሰርጉ ነገር ሲመጣ ሁለታችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ እንላለን። ሙሽራዋን ፊቷንና ክንዷን እርድ ይቀቧታል፤ እኛ አልጫ ላይ የምንጨምረውን እርድ! መጀመሪያ ሳየው ስቄያለሁ። በኋላ ሳስበው፣ እናቴ ለእኔ ሰርግ እጅና እግሬን እንሶስላ ስታስረኝ የሚያይ ህንድም ቢኖር ይስቅ ነበር። እጇ ላይ የሚስሉላት ሐረግ ደግሞ የእኛን ጥልፍ ነው የሚመስለው። የሙሽራዋ እህቶች የሙሽራውን ጫማ ይደብቁበታል። እኛም ሚዜዎቹን ሽቶ ካልረጫችሁ አትገቡም እያልን በር ላይ እናቆማቸው የለ? ሰው ሁሉ ልጁን ሲድር ትንሽ ሳያስቸግር አይሰጥም ማለት ነው።

ከሁሉ ግን ልቤን የወሰደችው የልብስ ሰፊው ልጅ ናት። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሷ የሰው ሙሽራ ሁሉ ቀሚስ ትሰፋለች፤ የራሷ ቀን ሲመጣ ምን ትለብሳለች የሚለው ነው ታሪኩ። ህንድ አይተው የማያውቁ በእሷ ይጀምሩ እላለሁ። እኔ ግን እሷን ያየሁበት መንገድ ጤና አልነበረውም።

ያኔ ጎረቤቴ ድሬ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች፤ የልጅ ልጄ ሥራ ናት። ብቻዬን ነበርኩ። ጽሑፉን ማንበብ ስለማልችል ከፊታቸው ነው የምከታተለው። የወንዱ ቤተሰብ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት መጣ፤ ሻይና ጣፋጭ ቀረበ፤ የልጁ እናት ልጅቱን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቱ አንገቷን ሰበር አድርጋ ራሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዘች። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እልል አልኩ። «ጎበዝ! እምቢ በያቸው!» ብዬ ጮኽኩ። ብርክ ሳይላት፣ በእናትየው ፊት፣ እምቢ!

ከዚያ በኋላ ግን ሰዎቹ ሰርጉን መደገስ ጀመሩ። አክስቷ ትጠይቃታለች፤ ልጅቱ ራሷን ትወዘውዛለች፤ አክስቷ ታቅፋታለች። አባቷ ይጠይቃታል፤ ትወዘውዛለች፤ እሱ ደስ ብሎት ያለቅሳል። እርድ ቀቧት። ቢጫ አበባ በቤቱ ሁሉ አንጠለጠሉ። እኔ በንዴት አረርኩ። ይሄ ሁሉ ዘመድ ዓይን የለውም ወይ? ለእንጦጦዎቹ ሴቶች በግድ ስለተዳረች ልጅ ብዬ ነገርኳቸው፤ ሁለቱ አለቀሱ።

ጎረቤቴ ከድሬ ተመልሳ ስትመጣ ተቀምጣ ጥቂት አየችና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አቦ አንቺ! እሺ እኮ ነው ያለችው!»

«ራሷን ስትወዘውዝ እያየሽ?»

«የነሱ እሺታ እንዲያ ነው።»

«ግራ ቀኝ ማለት የትም አገር እምቢ ነው።»

«የት የት አገር ሄደሽ አየሽ? ከኮተቤ ወጥተሽ ታውቂያለሽ? እስቲ አንቺ እሺ ስትይ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እሺ እላለሁ።»

«አትይም። ትንፋሽሽን ወደ ውስጥ ትስቢያለሽ፣ እህ ብለሽ። ህንድ ቢያይሽ ይቺ አሮጊት እባብ አየች እንዴ ነው የሚለው።»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ። እንደገና ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ እኛ ሰው ሲያናግረን እየሰማን ነው፣ ተስማምተናል ለማለት እንደ ደነገጠ ሰው ትንፋሽ እንስባለን፤ ልብ ብለነው አናውቅም።

ማታ፣ የልጅ ልጄ ጽሑፉን እያነበበችልኝ፣ ፊልሙን ከመጀመሪያው አስጀመርኩት። ሌላ ፊልም ሆነ። ያቺ በግድ የተጎተተች የመሰለችኝ ልጅ ራሷ ናት ወጣቱን የመረጠችው። አባቷም ያለቀሰው በደስታ ብቻ አይደለም፤ ብቻውን ስለሚቀርም ነው። ቀሚሷን እንዲሰፋላት የሰጠችው ለአባቷ ነው፤ የመጨረሻ ሥራው እንዲሆን። ይሄን ያወቅኩት ሁለተኛ ሳየው ነው። ከማደንቅላቸው ነገር አንዱ ይሄ ነው፤ እጅግ ብዙ ወርቅ፣ እጅግ ብዙ ዘፈን ይደረድሩና መሐሉ ላይ አንድ አባት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶት ያሳዩሻል።

ከዚያ ወዲህ ግራ ቀኙ የቤታችን ቋንቋ ሆነ። የልጅ ልጄን «ሻይ ትጠጫለሽ?» ስላት ራሷን ትወዘውዛለች፤ እቀዳላታለሁ። ጎረቤቴን «ነገ ትመጫለሽ?» እላታለሁ፤ ትወዘውዛለች። እንስቃለን። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የልጅቱን እሺታ እምቢታ አድርጌ ያየሁት አፏ ሲናገር ስላልሰማሁ ነው። እኔ ተሳስቼ ብናደድ ፊልም ነው፤ ይታለፋል። በእውነተኛ ቤት ውስጥ ሰው ተሳስቶ ሰርግ ቢደግስስ?

መስመሩን የዘረጋው ልጅ ደጋግሞ መምጣት ጀመረ። መስመሩን ለማየት ነው የመጣሁት ይላል። አንድ ቀን ጣራ ላይ ወጥቶ፣ ሌላ ቀን ሽቦውን ለውጦ። ጎረቤቴ ከሱቋ መስኮት ሆና፣ «መስመሩ ደህና ነው፤ የተበላሸው ልጁ ነው» አለችኝ። ሰነበተና ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ለልጄ ደረሰው። ልጄ ለልጅቱ አጎቷ ነው፤ ሾፌር ነው፤ ደግ ነው፤ ግን ነገር ሁሉ ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል።

የልጅ ልጄን ጓዳ አግኝቼ፣ «ልጁን ትፈልጊዋለሽ?» አልኳት።

ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበችና ሰሐን ይዛ ወጣች።

እሺ ማለቷ ነው? ደንግጣ ነው? ወይስ አፍራ? ልጁን እኔ ወድጄዋለሁ፤ የእኔ መውደድ ግን ለእሷ አያገለግላትም። ወላጅ የሌላት ልጅ ላይ ሰው ሁሉ የሚያዝ ይመስለዋል። ይሄን ከትንሽነቷ ጀምሮ አይቻለሁ። ዘመድ ሲመጣ ስለ እሷ እኔን ይጠይቃል፤ እሷ ፊት ለፊቱ ቆማ። ትምህርቷን፣ ጤናዋን፣ ጫማዋን ሳይቀር። በዚህ ግን እንዲያ እንዲሆን አልፈልግም አልኩ።

ልጄ ሊያዘጋጀኝ መጣ። እኔና ጎረቤቴ ፊልም ላይ ነበርን።

«እማ፣ እሑድ ይመጣሉ። እኔ እቀበላቸዋለሁ። አንቺና እሷ ጓዳ ትሆናላችሁ።»

«ማን ይጠይቃታል?»

«ምን ብሎ?»

«ትፈልጊዋለሽ ወይ ብሎ።»

«ሳትፈልገው ሽማግሌ ይልካል እንዴ? የታወቀ ነገር ነው።»

«ለማን ነው የታወቀው?»

ልጄ ሳቀ። «እማ፣ ወግ አለ እኮ። እነሱ ይለምናሉ፣ እኛ እንቀጥራቸዋለን፣ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ሰጥተናል እንላለን። ልጅቱ መሐል ላይ ምን ታደርጋለች?»

ይሄን ሲል ቴሌቪዥኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ብዙ ክፍል በተከታታይ ሳይ አንዳንዴ ያደርገዋል፤ ጽሑፍ ያወጣል፤ የልጅ ልጄ አስተምራኛለች፤ «አሁንም እያያችሁ ነው ወይ?» ማለት ነው። ሪሞቱን አንሥቼ ወደ ስክሪኑ ጠቆምኩ።

«ይሄን ታያለህ? ዕቃ ነው። ነፍስ የለውም። ግን ይጠይቀኛል። ካልመለስኩለት አይቀጥልም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዕቃው ከአንተ ተሻለ።»

ጎረቤቴ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«በህንድ ፊልም ሽምግልና ልትመሪ ነው?» አለ ልጄ። ተናዶም ስቆም ነበር።

«ደግ ያደረጉትን እወስዳለሁ። መጥፎውን እተዋለሁ» አልኩት። አባባሌም እንዲያው አይደለም። በፊልሞቹ የሙሽራዋ አባት ጥምጣሙን አውልቆ ከወንዱ አባት እግር ሥር ሲያኖር አይቻለሁ፤ ሴት ልጅ ስላሳደገ እንደ በደለኛ ይለምናል። እዚያ ላይ ሁሌም አጠፋዋለሁ። አያቲቱን ግን እወስዳለሁ። በሁሉም ቤት አንዲት አያት አለች፤ ነጭ ለብሳ፣ የቤቱን ቁልፍ ወገቧ ላይ አስራ፣ ሳሎን መሐል ትቀመጣለች። ጓዳ ሁኚ የሚላት የለም።

እሑድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። ልጄ ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፍኖታል፤ ሰው እንዳይስቅብን። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ መቀነቴ ላይ ቋጥሬ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ቁልፉን አየችና፣ «ይኸው ለይቶልሽ ህንድ ሆንሽ» ብላ ተመለሰች።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው፣ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አንቀመጥም አሉ። ትልቁ ሽማግሌ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ድምፃቸው የማይቸኩል ሰው ነበሩ። ልጃቸው ጨዋ መሆኑን፣ ሠራተኛ መሆኑን፣ ልጃችንን በክብር እንደሚጠይቅ ተናገሩ። አነጋገራቸው ደስ አለኝ። ልጄ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እንግዲህ ዘመድ ወዳጅ አማክረን...» ብሎ ጀመረ።

«ከዘመድ በፊት ልጅቱ ትጠየቅ» አልኩ።

ልጄ መሬት መሬቱን አየ። ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ።

«እናቴ፣ እርስዎ ጠይቀዋት የለም?»

«ጠይቄያታለሁ አባቴ። መልሷን ግን አልሰማሁትም። እናንተም ስትሰሙት ደስ ይለኛል። ኋላ ማንም ማንንም እንዳይወቅስ።»

ሽማግሌው አሰቡና፣ «ትምጣ፤ እኛም ብንሰማ አንጠላም» አሉ።

የልጅ ልጄ ከጓዳ ወጣች። እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች። ሕፃናት ፊት ቀኑን ሙሉ የምትዘፍን ልጅ፣ ያን ዕለት ከንፈሯ ደርቋል። ሽማግሌው ለስለስ ብለው፣ «ልጄ፣ ልጃችንን ለትዳር ትፈልጊዋለሽ?» አሏት።

እሷም ራሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዘች።

ከጓዳ አንድ ነገር ወደቀ፤ ጎረቤቴ ናት፤ ሳቋን ስትይዝ ክዳን አምልጧት ነው። የሽማግሌው ፊት ወረደ። ከኋላ የቆመው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያዘ። ልጄ «ይኸው፣ አመጣሽብን» በሚል ዓይን አየኝ። ልጅቱ ራሷ ምን እንዳደረገች ገና አልገባትም፤ ስትፈራ ሰውነቷ የቤቱን ቋንቋ ተናግሯል።

እሺ ማለቷ ነው ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ሁሉም ይስቃል፤ ነገሩ ያልቃል። ግን እኔ ካልኩት ዞሮ ዞሮ እኔ ነኝ የመለስኩላት። ከንፈሬን ነከስኩ። ምን ያህል ከባድ እንደነበረ የሚያውቀኝ ሰው ያውቃል።

«ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ህንድ አያዩም። በአፍሽ ተናገሪ» አልኳት።

ያኔ ገባት። ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ጆሮዋ ቀላ። ከዚያ እጇን አወረደችና ክፍሉ እስኪሰማ፣ «አዎ፣ እፈልገዋለሁ። ሽማግሌ ላክ ያልኩትም እኔ ነኝ» አለች።

ልጄ፣ «አንቺ ነሽ?» አለ።

«ጣራ ላይ መውጣቱ ሰልችቶኝ» አለች።

ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። «ታዲያ እኛን ምን አቆመን?» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ወጋቸውን ሊያደርሱ ወደ ልጄ ዞረው፣ «እንግዲህ ሰጣችሁን እንበል?» አሉ። ልጄ ወደ እኔ አየ። ሾፌር ነው፤ መንገድ ሲዘጋበት ያውቃል።

«አልሰጠንም» አለ። «እሷ ወደደች። እኛ መረቅን።»

ይሄን ያለው እሱ ነው። እኔ አላስጠናሁትም።

ምግብ ቀረበ። ሽማግሌው ያ ራስ መወዝወዝ ምን እንደሆነ ካልነገራችሁኝ አልሄድም አሉ። ጎረቤቴ ጨርቁን ከቴሌቪዥኑ ላይ ገፈፈችውና የልብስ ሰፊውን ልጅ ከፈተችላቸው፤ የወንዱ ቤተሰብ ወደ ልጅቱ ቤት የሚመጣበትን ቦታ። እዚያ ላይ ትጠየቃለች፤ ራሷን ትወዘውዛለች። ሽማግሌው እንጀራው እጃቸው ላይ ሳለ ቀና ብለው አዩና፣ «አይ! እምቢ አለች!» አሉ። እኛ ሴቶቹ ሦስታችንም ሳቅን። «ይቆዩ አባቴ፣ ከመጀመሪያው ነው የሚታየው» አልኳቸው።

ቆዩ። አባትየው መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት የሚያቅተው ቦታ እስኪደርስ ቆዩ። እዚያ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ልጄም ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሲወጡ በር ድረስ ሸኘኋቸው። ጉሙ ከተራራው መውረድ ጀምሯል። «የቀረውን ተመልሰው መጥተው ያዩታል?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ፣ ሌሎቹ ወደ ፊት ማለፋቸውን አዩና፣ ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዙልኝ።